«ፍላት» ሲሏችሁ፦ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ትያዛለች?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አስተናጋጅ ሆኜ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ደንበኛ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ዚስ ሶዳ ኢዝ ፍላት» አለኝ። ብርጭቆውን አየሁት። ረጅም ነው፣ ክብ ነው፣ በረዶም አለበት። ጠፍጣፋ የሚባል ነገር የለውም። ምናልባት ብርጭቆው አልተመቸው ይሆናል ብዬ ለስላሳውን ወደ ሌላ ብርጭቆ ገልብጬ መለስኩለት። አንዴ ፉት አለና አሁን ደግሞ እኔን ማየት ጀመረ።

ወጥ ቤት ገብቼ ለእማማ ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጋዙ ወጥቷል ማለቱ እኮ ነው! ጭራሽ ገለበጥክበት? ሂድ አዲስ ቅዳለት።»

ትምህርት ቤት «ፍላት ማለት ጠፍጣፋ» ተብለን ነበር። ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ትርጉም ብቻ የሄደ ሰው ጎማ ጋ ይደናቀፋል፣ ታክሲ ዋጋ ጋ ይደናቀፋል፣ ቀለም መሸጫ ሄዶም ይደናቀፋል። እኔ ሁሉም ጋ ተደናቅፌያለሁ። ከዚያ በኋላ የተማርኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ፦ አፋችሁን አስተካክሉ

ቃሏ አጭር ናት፣ ግን ሁለት ወጥመድ አላት። አንደኛው መሐል ያለው አናባቢ ነው። እኛ «ፍላት» ብለን ብንጽፈውም ድምፁ በ«ላ» እና በ«ሌ» መካከል ነው። «ላ» ለማለት አፋችሁን ክፈቱ፣ ከዚያ ፈገግ እንደሚል ሰው ከንፈራችሁን ወደ ጎን ሳቡ። የሚወጣው እሱ ነው።

ሁለተኛው «ፍ» እና «ል» ናቸው። ተጣብቀው ይውጡ። «ፊላት» ካላችሁ ሰው ይረዳችኋል፣ ችግር የለውም። ችግሩ «ል»ን ስትውጧት ነው። ያኔ ቃሉ «ወፍራም» የሚለው ይሆናል። ለሰው «ሆድህ ፍላት ነው» ብላችሁ ልታሞግሱት አስባችሁ ሌላ ነገር ብላችሁት ታርፋላችሁ።

ሁለተኛ፦ ሥሯን በእጃችሁ ያዙ

የጠረጴዛ ጫፍ ላይ ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ በማስመሪያውና በጠረጴዛው መካከል እዩ። ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት ከሌለ ጠረጴዛው ፍላት ነው። አናጢዎችም የሚፈትሹት እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ፍላት ማለት ይኸው ነው፦ ገጹ ላይ ያበጠ የለም፣ የጎደጎደም የለም።

አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል አይበቃውም። ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው። ሳህኑ ዝርግ ነው፤ ጎድጓዳ ሳህንና ዝርግ ሳህን ብለን እንለያለን። ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ቤት የሚሠራበት ቦታ ደልዳላ ነው። ኮንክሪት የተሞላውን ጠፍጣፋ ጣሪያ ደግሞ ሶሌታ ብለን ጨርሰናል። እንግሊዝኛው ለአምስቱም «ፍላት» ቢል ያስኬደዋል። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመልሱ ሁሉንም ጠፍጣፋ አታድርጉት። «ጠፍጣፋ ሜዳ» የሚል ትርጉም ባነበብኩ ቁጥር ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ፍላት የሚያየው የነገሩን ጠቅላላ ቅርፅ ነው። ጥቃቅኑን አይቆጥርም። እንጀራን እዩ። ዓይኑ ስንት ነው? ገጹ በሙሉ ጉድጓድ ነው። ቢሆንም በእንግሊዝኛ «ፍላት ብሬድ» ከሚባሉት አንዱ ነው። ቂጣም እዚያው ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ «ፍላት ብሬድ»ን እርሾ የሌለው ዳቦ ብሎ ይተረጉመዋል። እንጀራ እኮ በእርሾ ቦክቶ ነው የሚጋገረው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ቅርፁ ብቻ ነው። ድፎ ዳቦ ግን ወደ ላይ ስለሚነሳ እዚህ ቤት ቦታ የለውም።

ፍላት ዝቅተኛ ማለትም አይደለም። ደብረ ዳሞን አስቡ። ገዳሙ ያለው አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ላይ ነው፤ ወንዶች በገመድ ተስበው ገደሉን ይወጣሉ፣ ሴቶች አይወጡም። እንዲህ ያለውን ተራራ እንግሊዝኛ «ፍላት ቶፕድ» ይለዋል፣ እኛ በአንዲት ቃል አምባ ብለን እንገላገላለን። ኬፕ ታውን ያለው የጠረጴዛ ተራራም እንዲሁ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አናቱ ዝርግ ነው። ወደ ታች ደግሞ ደናክል አለ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ የጨው ሜዳው ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ። እንዲህ ዓይነቱን የጨው ሜዳ «ሶልት ፍላት» ይሉታል። እዚህ ላይ ቃሏ ቅጽል መሆኗን ትታ ስም ሆናለች።

ሦስተኛ፦ ከጎረቤቶቿ ለዩዋት

እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

«ሌቭል» ሌላ ነው፤ ወደ የትም ያላዘነበለ፣ አግድም የተስተካከለ ማለት ነው። ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፍላት ነው፣ ሌቭል ግን አይደለም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው ተዳፋት መውጫም ፍላት ነው፣ ሌቭል አይደለም። ግንበኛ ማስመሪያ ሲያስቀምጥ ፍላትነቱን እያየ ነው፣ ውኃ ልክ ሲያስቀምጥ ሌቭልነቱን። በዚህ ከያዛችሁት አይጠፋችሁም።

«ስሙዝ»ም ሌላ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ፍላት ነው፤ በእጃችሁ ብትዳስሱት ግን ይቧጭራል፣ ስሙዝ አይደለም። እንቁላል ተቃራኒው ነው፤ ልስልስ ያለ ነው፣ ግን ማንም ፍላት አይለውም። በነገራችን ላይ የእኛ «ለስላሳ» ሁለቱንም ትይዛለች፦ የሚዳሰሰውንም የሚጠጣውንም። ያ ደንበኛ አማርኛ ቢማር እሱም የራሱ ጣጣ ነበረበት።

«ቲን» ስስ ነው። የእብነ በረድ ንጣፍ ፍላት ነው፣ ስስ ላይሆን ይችላል። «ፕሌይን» ደግሞ ስም ሲሆን ሜዳ፣ ቅጽል ሲሆን ልሙጥ ነው፤ ጌጥ የሌለው፣ ምንም ያልተጨመረበት። ጥለት የሌለውን ነጠላ ፍላት ነው ካላችሁ ተተኩሶ ተጣጥፏል ያላችሁ ነው የሚመስለው።

አራተኛ፦ «ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቁ

የእኔ ቁልፍ ይህ ነው። ፍላት የተባለው ነገር ቅርፁ ጠፍጣፋ ካልሆነ ወዲያው ጠይቁ፦ መነሳት ሲገባው ያልተነሳው፣ መኖር ሲገባው የሌለው ምንድን ነው?

ለስላሳው ጋዝ ጎደለው። አምቦ ውኃ ከፍታችሁ ሳትዘጉት ቢያድር ጠዋት ፍላት ነው። ድራፍቱ አረፋውም ጋዙም ከሄደ ፍላት ነው። ሲጀመር ጋዝ ያልነበረውን ውኃ ግን ፍላት አትበሉት፤ «ስቲል» ይባላል። የሌለው ነገር አልወጣም።

ጎማው አየር ጎደለው። እኛ ተነፈሰ የምንለውን አሜሪካኖች «ፍላት ታየር» ይሉታል፤ አሳጥረው «አይ ጎት ኤ ፍላት» ይላሉ። እዚህ ያሉ ሹፌር ወዳጆቼ «ጎማ ፍላት ሆነብኝ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጎሚስታ በየመንገዱ በሌለበት አገር ክሪክና ስኮርታ መኪናችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ይኼ የቋንቋ ምክር አይደለም፣ ግን ይጠቅማል።

ባትሪው ኃይል ጎደለው። ይህን የሚሉት እንግሊዞች ናቸው። አሜሪካኖች ባትሪው «ሞተ» ነው የሚሉት።

ቀለሙ ማንጸባረቅ ጎደለው። የቀለም መሸጫ ውስጥ ባልዲው ላይ «ፍላት» የሚል ካያችሁ የማያብለጨልጭ ማለት ነው። የግድግዳ ጠባሳ ይሸፍናል፣ ግን እጅ ሲነካው ይቆሽሻል፣ ለማጠብም ያስቸግራል። እኔ ጠፍጣፋ ግድግዳ ነው ያለኝ ብዬ ማዕድ ቤት ቀባሁት። ምድጃው ጀርባ ያለው የዘይት ፍንጣቂ እስከ ዛሬ አለ።

ቀልዱ ሳቅ ጎደለው፤ «ፌል ፍላት» ይባላል። ሰውየው ራሱ «ፌል ፍላት ኦን ሂዝ ፌስ» ከተባለ ግን በአፍጢሙ ተደፋ ማለት ነው። ድምፁ ፍላት ከሆነ ስሜት የለበትም፤ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው በአንድ ዜማ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት የዜናው ነው። «ሴልስ ዌር ፍላት» ሲባል ሽያጩ ወደቀ ማለት አይደለም። ባለበት ቆመ ነው። አልወጣም፣ አልወረደም። ሪፖርት ለሚተረጉም ሰው ይህቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም።

አምስተኛ፦ ዋጋ ላይ ስታገኟት

«ፍላት ሬት»፣ «ፍላት ፊ»፣ «ፍላት ፌር» ካያችሁ «ቁርጥ ዋጋ» ብላችሁ አንብቡ። የጎደለው ጭማሪው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ከጄኤፍኬ አየር ማረፊያ ማንሃተን ድረስ በቢጫ ታክሲ ስትሄዱ ቆጣሪው እየቆጠረ አይሄድም፤ ዋጋው ቁርጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከ52 ወደ 70 ዶላር አድጓል። መንገዱ ቢዘጋም ባይዘጋም መነሻው ያው 70 ነው። ይሁንና የመንገድ ክፍያ፣ ተጨማሪ ክፍያና ጉርሻ ከላይ ይመጣሉ። ስለዚህ ፍላት ማለት «ሌላ ምንም አትከፍልም» ማለት አይደለም፤ በርቀትና በሰዓት አይጨምርም ማለት ነው።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሣጥንም አለ። ላዩ ላይ በትልቁ «ፍላት ሬት» ተጽፎበታል። አንድ ዘመዴ ሣጥኑን አገላብጦ አየና «ይሄ የት ጋ ነው ጠፍጣፋው?» አለኝ። ሬት የሚለውን ዘሎት ነው። አገር ውስጥ እስከ 70 ፓውንድ ድረስ በርበሬም ሙሉት ሽሮ፣ ሣጥኑ እስከተዘጋ ዋጋው በክብደት አይለወጥም። ጠፍጣፋው ዋጋው ነው እንጂ ሣጥኑ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ሰዓት፣ ዜማና «እምቢ»

ከቁጥር በኋላ ስትመጣ «ልክ» ማለት ናት፤ ትርፍራፊ የለውም። አትሌቲክስ የምትከታተሉ ከሆነ በዚህ ያዙት። ገንዘቤ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ስትጨርስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። 3:50 ፍላት ለመባል 7 መቶኛ ሰከንድ ቀራት። በተራ ወሬ ላይ ደግሞ «ኢን ቴን ሚኒትስ ፍላት» ሲባል ፍጥነቱን የማድነቅ ስሜት አለው፦ በአሥር ደቂቃ እኮ ነው ጨርሶ የወጣው፣ እንደማለት።

ሙዚቃ ላይ ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ የተደረገ ኖታ ነው። ኪቦርድ ካላችሁ ትዝታን ሞክሩ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ብትጫወቱ ትዝታ ሜጀር ነው። አሁን «ኢ»ንና «ኤ»ን ፍላት አድርጓቸው፤ ማለትም በግራ በኩል ያለውን ጥቁር ቁልፍ ንኩ። ትዝታ ማይነር መጣ። ሁለት ጣት ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ቤቱ ግን ሌላ ሆነ። ዘፋኝ ፍላት ነው ከተባለ ደግሞ ሙገሳ አይደለም፤ ድምፁ ከቅኝቱ ወርዷል።

እምቢታም ፍላት ይሆናል። «ፍላትሊ ሪፊዩዝድ» ማለት ድርቅ ብሎ እምቢ አለ፣ ለድርድር በር አልተወም። «ፍላትሊ ዲናይድ» ለሚለው ደግሞ አማርኛ የተሰፋ ልብስ አለው፦ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ።

እዚህ ጋ አንድ የሰዋስው ነገር አለ። «ሊ» የምትጨመረው እንዲህ ለንግግር ሲሆን ነው። ለአካል አቀማመጥ አትጨመርም። ሐኪም «ላይ ፍላት» ካላችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ። «ላይ ፍላትሊ» ብትሉ ግን ተኛ ከሚለው ይልቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸ ወደሚለው ያደላል፤ የ«ላይ» ድምፅ ለሁለቱም አንድ ነውና።

ሰባተኛ፦ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቧት

እንግሊዝኛ ቅጽሎችን ያሰልፋል። መጠን ይቀድማል፣ ቅርፅ ይከተላል፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ የተሠራበት ነገር። «ኤ ስሞል ፍላት ብላክ ስቶን»፤ ትንሽ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ። «ብላክ ፍላት ስሞል» ብትሉ ይገባቸዋል፣ ግን ጆሯቸው ይቆማል።

አንዱን ቅጽል ሁለቴ አትድገሙት። እኛ «ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አምጣልኝ» እንላለን፤ ብዙ መሆናቸው በድግግሙ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ውስጥ ብዛቱን ድንጋዩ ብቻ ነው የሚሸከመው። «ፍላትስ» ብላችሁ «ስ» ከጨመራችሁ ደግሞ ታኮ የሌለው የሴት ጫማ ይሆናል። አዲስ አበባም «ፍላት ጫማ» እየተባለ ይሸጣል፤ ይህቺን ማንም አይሳሳታትም።

ስታወዳድሩ «ት» ስትጻፍ ትደገማለች፤ «ፍላተር»፣ «ፍላተስት»። «ፍላተር» ግን በአጻጻፍም በድምፅም ፍጹም የሚመስላት ሌላ ቃል አላት፤ ትርጉሙ ማሞካሸት፣ መሸንገል ነው። የመጡበት መንገድ ለየብቻ ነው፤ አንዷ ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ መጣች፣ ሌላዋ በፈረንሳይኛ በኩል። «አይ አም ፍላተርድ» ያላችሁ ሰው ተጨፈለቅሁ ማለቱ አይደለም። ሙገሳችሁ ደስ አሰኝቶታል።

ሰው ላይ ስትጠቀሙባት ጠንቀቅ በሉ። ስለ ሆድ ብትነገር ደስ ይላል። ስለ ደረት ወይም ስለ አፍንጫ ከሆነ ስድብ ነው፣ ተዉት። ስለ እግር ሲሆን የሐኪም ቃል ነው። ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፦ እግራችሁን ውኃ ነክራችሁ ካርቶን ላይ ቁሙ። መሐል እግራችሁ ጋ ያለው ጎን ደረቅ ከቀረ እግራችሁ ቅስት አለው። ሙሉ እግር ከታተመ «ፍላት ፊት» የሚሉት እሱ ነው። የሕፃን ልጅ እግር ሙሉውን ቢታተም አትደንግጡ፤ ቅስቱ የሚወጣው ሲያድግ ነው።

መጨረሻ፦ የሚናገረው ሰው ከየት እንደሆነ እዩ

እንግሊዝ አገር ፍላት ቤት ነው። አሜሪካኖች አፓርትመንት የሚሉት። ይህቺኛዋ «ፍላት» ወለል ከሚል የድሮ የስኮትላንድ ቃል የመጣች ናት፤ ከጊዜ በኋላ ከጠፍጣፋዋ ጋር ተመሳስላ ቀረች። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር አትላንቲክን ሲሻገር ትርጉሙ ይገለበጣል።

ባለፈው ክረምት ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ መልእክት ላከልኝ። ወራት ሙሉ ክፍል እየተጋራ፣ ሶፋ ላይ እየተኛ የኖረ ልጅ ነው። ስልኬ ላይ የመጣው አራት ቃል ብቻ ነበር፦ «አይ ጎት ኤ ፍላት!» መኪና እየነዳሁ ስለነበር መብራት ላይ ቆሜ በፍጥነት መለስኩለት።

«አይዞህ። ስኮርታ ይዘሃል?»